ሪያሊቲ በእትዬ ሉባባ ደጅ

ነገርን በየስሙ መጥራት ቀላል ይመስላል፤ ሥራዬ ብለው እስኪይዙት ድረስ። ድመትን ድመት፣ ወንበርን ወንበር ማለት ማንንም አያደክምም። ግን አንድ ሰው ደመወዝ እየከፈላችሁ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ በየቀኑ ቢጠይቃችሁ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ወንበሩንም መጠራጠር ትጀምራላችሁ። ማንም የማይቀመጥበት፣ ልብስ ብቻ የሚከመርበት ወንበር፣ ወንበር ነው ወይስ ቁም ሣጥን? እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኛለሁ። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያውም ትንሽ ነበረብኝ፤ ሥራው አባባሰው።

ሥራዬ ጅዳ ውስጥ ነው። ለስደተኛ ሠራተኞች በየቋንቋቸው የቴሌቪዥን ፕሮግራም በስልካቸው የሚያቀርብ ድርጅት አለ፤ ከአገር ቤት የሚላኩት የአማርኛ ፕሮግራሞች በእኔ እጅ ያልፋሉ። እያንዳንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼ ድራማ፣ ዜና፣ ስፖርት፣ ሃይማኖት፣ ወይም ሪያሊቲ ከሚሉት ሣጥኖች በአንዱ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሣጥን ስል ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ አራት ማዕዘን ማለቴ ነው። ድራማ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ገና ሲጀምር ሰው በር ዘግቶ ይወጣል። ስፖርትም ኳስ አለው። ያስቸገረኝ ሪያሊቲ ነው።

ትርጉም ላወጣለት ሞከርኩ። «ተዋናይ የሌለበት» አልኩ፤ ዜናም ተዋናይ የለበትም፣ ቢያንስ ሊኖርበት አይገባም። ተውኩት። «አስቀድሞ ያልተጻፈ» አልኩ፤ የእግር ኳስ ጨዋታንም ማንም አልጻፈውም። ይህንንም ተውኩት። «ተራ ሰዎች በእውነተኛ ሕይወታቸው የሚታዩበት» ስል ደግሞ የምግብ ዝግጅት ውድድር መጣብኝ። ዳኞች ራሷ ላይ ቆመው፣ ሰዓት እየሮጠባት ሽንኩርት የምትከትፈው ሴት እውነተኛ ሕይወቷ ይህ ከሆነ አላህ ይርዳት። ሽንኩርቱ ግን እውነተኛ ነው። እንባዋም። ተደብቀው ሰው የሚያስደነግጡት ደግሞ አሉ፤ እነሱ ዘንድ ድንጋጤው እውነት ሆኖ የሚያስደነግጠው ነገር ውሸት ነው። ታዲያ ግማሽ እውነት በየትኛው ሣጥን ይገባል?

አለቃዬ ኡስታዝ ዑስማን የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። ደግ ናቸው፤ ትዕግሥታቸው ግን አጭር ነው። አንድ ቀን እንዲህ ስብሰለሰል አገኙኝና ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር ገላገሉት።

«ስማ ልጄ፤ ሰው ካለቀሰና ከሥር ሙዚቃ ካለው ሪያሊቲ ነው። ኻላስ!»

ሳቅሁ። ሩዋይስ ሰፈር ካለው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ከእኔ ትርጉሞች ሁሉ የሳቸው እንደሚሻል ታወቀኝና ሳቄ ጠፋ።

አሁን ሰዓዳን ላስተዋውቃችሁ። ሰዓዳ የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከእኛ ቤት አጥር ለአጥር ነው። በዕድሜ ትበልጠኛለች። መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር ውስጥ፣ የተጓዦች ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ አዳሯ እዚያው መካ፣ ዛሂር ሰፈር ነው፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በተከራዩት ክፍል። ከአገሯ ከወጣች ስምንት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ልትሄድ ትነሣለች፣ በየዓመቱ አንድ ነገር ይይዛታል፤ አንዴ የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማ፣ አንዴ ከፊል የሚባለው አሠሪዋ፣ አንዴ የሐጅ ሰሞን። ለእኔ ያወጣችልኝ ስም ሸይኽ ጥርጣሬ ነው። ይህ ስም ምንም ስህተት የለበትም፤ ሸይኽ አለመሆኔ ካልሆነ በስተቀር።

ሰዓዳ በየጁምዓው ከስግደት በኋላ ወደ እናቷ ወደ እትዬ ሉባባ ትደውላለች። ስልኩ የወንድሟ የጀማል ነው። ብዙ ጊዜ አጠገቧ ስለነበርኩ ንግግሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ ልጄ?»

«እኔማ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

የሰዓዳ እግር ከሆቴሉ ደረጃ የተነሣ ማታ ማታ እንደ ዳቦ ያብጣል። የእትዬ ሉባባ ዓይን ደግሞ ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዷል፤ ጀማል ስልኩን አቅርቦ የልጃቸውን ምስል ሲያሳያቸው «ጥላሽን አየሁት» ይላሉ። የዓይናቸውን መድከም የነገረኝ ጀማል ነው እንጂ እሳቸው አንድም ቀን «ዓይኔን» ብለው አልተናገሩም። ሁለቱም ደህና ስለሆኑ ወሬው ቶሎ ያልቃል።

እንግዲህ ጀማል፣ ያው ወንድም ነውና፣ እናቱንም እህቱንም ለማስደሰት ብሎ ለአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጻፈ። የፕሮግራሙን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ተለያይቶ የቆየ ቤተሰብ ያገናኛል፤ ሰው ይተቃቀፋል፣ እኛም ከሶፋችን ላይ አብረን እናለቅሳለን። እኔ በየሳምንቱ እያየሁ ሪያሊቲ ሣጥን ውስጥ ከማስቀምጣቸው አንዱ ነው። አዘጋጁ ለሰዓዳ ደወለላት። ጨዋ፣ ድምፀ መልካም ወጣት ነው። እቅዱን ነገራት፤ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ እናቷ ግቢ ይገባል፤ ጨርቁ ሲገለጥ ሰዓዳ ከመካ ሆና በቀጥታ ትታያለች፤ ፊቷ በር አክሎ።

ሰዓዳ ከዚህ ወዲያ ያለውን የሰማች አይመስለኝም። «ፊቴን በትልቁ ታየኛለች» አለችኝ ደውላ። «ገባህ? ጥላዬን ሳይሆን ፊቴን!»

«ሌላስ ምን አለሽ?»

«እስከዚያ ድረስ እንዳልደውልላት።»

«ለምን?»

«እኔም ለምን አልኩት። ‹እህቴ፣ በየሳምንቱ እየተደዋወላችሁ ናፍቆቱ ከየት ይመጣል?› አለኝ።»

«ናፍቆቱማ…» ብዬ ጀመርኩ። አንድ ነገር ልክ አልመስል ብሎኝ ነበር፤ ግን ለእኔ በቀን ውስጥ ልክ የማይመስለኝ ነገር ብዙ ስለሆነ የትኛውን ማመን እንዳለብኝ አላውቅም።

«በቃ፣ ሸይኽ ጥርጣሬ ሐሳብ ገባው!» አለች እየሳቀች። «ለጥቂት ሳምንት ነው። ስልክ ተበላሽቷል ይላታል ጀማል። አንተ ና፤ ቀረጻውን የምትይዝልኝ አንተ ነህ። የዚህ ነገር አዋቂ አይደለህ?»

አዋቂስ አይደለሁም፤ ስልክ ግን ቀጥ አድርጎ መያዝ እችላለሁ።

የቀረጻው መመሪያ በመልእክት መጣልን። ሰዓቱ ማለዳ፣ ልክ ሲነጋጋ፤ ምክንያቱም የማለዳ ብርሃን ፊት ያሳምራል። የሰፈሩ መስጊድ ሼህ እንድሪስ ዱዓ እንዲያደርጉ ከፊት ይቆማሉ። የሰፈር ሽማግሌዎችና ዘመዶች ከኋላቸው። ሚስጥሩ እንዳያመልጥ ማንም አይሳቅ፣ ማንም አያውራ፤ ሁሉም ፊቱን ኮስተር ያድርግ። ቴሌቪዥኑን ሁለት ሰዎች እንደተሸፈነ ተሸክመው ከጎን ይገባሉ። ሰዓዳ ድምፅዋ ተዘግቶ ትጠብቃለች፤ አዘጋጁ እጁን ሲያነሣ ተከፍቶ «እማዬ፣ ናፍቀሽኛል» ትላለች።

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። ማለዳ ነው፤ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል፤ የሚናገር የለም፤ ከሳዑዲ ደግሞ ወሬ ከጠፋ ሰንብቷል። የእኛ አገር ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያገላብጥም። ግን የሚገርመው ይህ ነው፤ ሼህ እንድሪስ ስንት መርዶ አድርሰዋል፤ ሽማግሌዎቹም መርዶ አድርሰውም ተረድተውም ያውቃሉ፤ አዘጋጁም ቢሆን እናት ያለው ሐበሻ ነው። ሁሉም በየራሱ ደስታ ሊያበስር ስለሄደ፣ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል ያየ አልነበረም። እኔም ባትሪውን፣ ኢንተርኔቱን፣ ፀሐይ የምትወጣበትን አቅጣጫ ሳይቀር አረጋግጬ ነበር።

የሆነው ሆኖ፣ በዋዜማው ከጅዳ ወደ መካ ወጣሁ። ሱብሂ ሰግደን ከሆቴሉ ጣሪያ ላይ ወጣን፣ የውኃ ታንከሮቹ መሐል። ከጀርባዋ የታላቁ መስጊድ የሐረሙ ሚናራዎች እንዲታዩ አዘጋጁ ስለፈለገ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ስጎትታት ቆየሁ። አዲስ ሻሽ አስራለች። «‹እማዬ፣ ናፍቀሽኛል›» ብላ ተለማመደችና ሳቀች። «እኔ የማላውቀው ይመስል ጽፎ ላከልኝ እኮ!» የአገር ቤት ሰዓትና የኛ ሰዓት አንድ ነው፤ እዚያም እዚህም እኩል እየነጋ ነበር።

ስልኩ ተገናኘ። ግቢው ታየን። ሰዓዳ «አጥሩን አደሱት!» ብላ አፏን ያዘች። ሼህ እንድሪስ በሩን አንኳኩ።

እትዬ ሉባባ ከነመስገጃ ልብሳቸው፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን እንደያዙ ከፈቱ። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ሰዎቹን አንድ በአንድ እየተጠጉ አዩ። አንድም የሚስቅ ሰው የለም። ትዕዛዙን በደንብ ጠብቀዋል። ጀማል ውሸት ስለማይችልበት አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። በዚህ መሐል ሁለቱ ሰዎች ያንን በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ረጅም ነገር ተሸክመው ከጎን ገቡ።

እትዬ ሉባባ «ግቡ» አላሉም። «ምነው?» አላሉም። ሙስበሃው ከእጃቸው ወደቀ።

«የት ቀበሯት?» አሉ።

ማንም አልመለሰም። አለመናገር ታዘዋል፤ ደግሞም ምን ተብሎ ይመለሳል? እትዬ ሉባባ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ጮኹ። ያንን ድምፅ ልገልጸው አልሞክርም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ምንም ያልተነገራቸው ሴት ናቸው፤ ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን እየጎተቱ በአጥሩ ቀዳዳ ደረሱ። አንድ ጊዜ ሰዎቹን፣ አንድ ጊዜ ነጩን ጨርቅ አዩና ሳይጠይቁ ማጽናናት ጀመሩ።

«አብሽሪ ሉባባ! አብሽሪ እህቴ! መካ መቀበርን ስንቱ ተመኝቶ አላገኘውም!»

«እኔ ነኝ ሂጂ ያልኳት!» አሉ እትዬ ሉባባ። «እሷማ በሩን ይዛ ቆማ ነበር። እዚችው፣ ይኼንን በር ይዛ! እኔ ነኝ እጇን ያላቀቅሁት!»

ካሜራ ያዡ ጠጋ አለ። አልፈርድበትም፤ ሥራው መጠጋት ነው። አዘጋጁ ግን እጁን ማንሣት ረስቶ ደርቆ ቀርቷል።

«ድምፁን ክፈተው» አለች ሰዓዳ።

«ምልክቱ ገና—»

«ክፈተው አልኩህ!» ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «እማ! እማ! አለሁ! ወላሂ አለሁ!»

ታዲያ ድምፅዋ የወጣው ከነጩ ጨርቅ ሥር ነው።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ለቀቀው። ወይዘሮ ዘይነባ በመጡበት ቀዳዳ ተመለሱ። ሼህ እንድሪስ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ሽማግሌዎቹን ረገጡ። ነፍሱ መጀመሪያ የተመለሰችለት አዘጋጁ ነበር፤ ሮጦ የቴሌቪዥኑን አንድ ጫፍ ይዞ ጨርቁን ገፈፈው። የሰዓዳ ፊት፣ በር አክሎ፣ በእንባ ታጥቦ፣ ሻሹ ተፈትቶ ግቢው መሐል ቆመ። ሚናራዎቹ አልታዩም። ከስልኩ ጋር ስትታገል ከጀርባዋ የቀረው የውኃ ታንከሩ ነው።

እትዬ ሉባባ ቀስ ብለው ቀረቡ። በጣታቸው መስታወቱን ነኩ።

«ፍንጭትሽ አለ» አሉ። ከዚያ ወዲያው፣ «ለምን ዝም አልሽኝ?»

ሰዓዳ የተጻፈላትን ረሳችው። «በሩን የያዝኩት ፈርቼ ነው፣ እማ። መሄዱንስ እኔም ፈልጌው ነበር።»

«ውሸትሽን ነው።»

«ወላሂ። አንቺ ባትይኝም እሄድ ነበር። ትንሽ ቆይቼ እሄድ ነበር።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ እኮ እኔ ነኝ ብዬ…»

«ስምንት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሽኝማ!»

ይህንን ማንም አልቀረጸውም። ካሜራ ያዡ በዚያን ጊዜ ካሜራውን አውርዶ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ ነበር፤ አዘጋጁም ቴሌቪዥኑን አቅፎ ከኋላው ይንሰቀሰቅ ነበር። በኋላ ለሰዓዳ ደውሎ ይቅርታ ጠየቃት፤ ከልቡ ነበር። «የእናትሽን ያንን ‹ሂጂ ያልኳት› የሚለውን ንግግር ቆርጠን እናወጣዋለን፤ ለማንም አይታይም» አላት። ቃሉንም ጠበቀ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፕሮግራሙ ጅዳ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። በር ይንኳኳል። እትዬ ሉባባ ይከፍታሉ። ነጩ ጨርቅ ይገፈፋል፤ ሰዓዳ ትታያለች። ከዚያ እትዬ ሉባባ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ፤ ከሥር ለስለስ ያለ ዋሽንት። ከታች ጽሑፍ ይመጣል፤ «የእናት የደስታ እንባ»። ምስሉ ያምራል። የማለዳው ብርሃንም እንደተባለው ፊት ያሳምራል።

ደግሜ አየሁት። ተዋናይ አለ? የለም። የተጻፈውን ንግግር ተናግራዋለች? አልተናገረችም። እንባው ውሸት ነው? ከዚያ የበለጠ እውነተኛ እንባ አይቼ አላውቅም። አዘጋጁ ዋሽቷል? እትዬ ሉባባን ከሐሜት ሊያድናቸው ነው የቆረጠው። ፊት የነበረው ኋላ፣ ኋላ የነበረው ፊት ሆነ እንጂ አንድም የተፈጠረ ነገር የለበትም። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ነገር ሆኗል። የሆነው ግን ይህ አይደለም።

ጣቴን የኮምፒውተሩ ማውዝ ላይ አድርጌ ስቀመጥ ኡስታዝ ዑስማን ከኋላዬ ቆመዋል። አማርኛ አንድ ቃል አይሰሙም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ሰው አለቀሰ?» አሉ።

«አለቀሰ፣ ኡስታዝ።»

«ሙዚቃ አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ያላ!»

ሪያሊቲ የምትለውን ሣጥን ነካሁ። ባዶ መተው አይቻልም፤ ኮምፒውተሩ አያሳልፍም።

ፕሮግራሙ አገር ቤት የታየ ዕለት እትዬ ሉባባ ወይዘሮ ዘይነባ ቤት ተጠርተው ሄዱ፤ ትልቁ ቴሌቪዥን ለአዘጋጁ ተመልሷል፤ የወይዘሮ ዘይነባ ደግሞ ትንሽ ነው። ምስሉ ስለማይታያቸው ያዳምጣሉ። ለቅሶው ሲመጣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ይቺ ምስኪን ማን ሞቶባት ነው?»

«ኧረ አንቺ ነሽ፣ ሉባባ!» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ደስ ብሎሽ እኮ ነው! ተጽፎበታል አሉ።»

እትዬ ሉባባ ትንሽ አዳመጡ። «እኔ ደስ ሲለኝ እንዲህ ነው የማለቅሰው?» ብለው ጠየቁ አሉ፤ ለማሾፍ ሳይሆን ለማወቅ። ከዚያ የቤቱን ልጆች «ዝጉት በሉ፤ የሰው ሐዘን ነው» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ጀማል ሲነግረን ሰዓዳ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። በየትኛው ሣጥን እንደሚገባ ለመለየት አልሞከርኩም።

ባለፈው ጁምዓ ሰዓዳ ዘንድ መካ ነበርኩ። ከስግደት በኋላ እንደ ልማዷ ደወለች። እትዬ ሉባባ ሰላምታውን ገና ሳይመልሱ ጠየቁ።

«ካሜራ አለ?»

«የለም፣ እማ።»

«ያ ስልክ ያዡ ልጅስ?»

«አለ፤ አጠገቤ ነው።»

«እሱ ይስማ፣ ልጃችን ነው። እግርሽን ያምሻል አይደል?»

ሰዓዳ ወደ እኔ አየች። አፏ «ደህና» የሚለውን ቃል ሊል ሲዘጋጅ አየሁት፤ ስምንት ዓመት የሠራ አፍ ነው። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።

«ያመኛል፣ እማ። በተለይ ደረጃ ስወርድ።»

«አውቄዋለሁ። የእኔም ዓይን እኮ ግራው በቃኝ ብሏል፤ ጀማል እንዳይሰማ።»

«መቼ? ለምን አልነገርሽኝም?»

ወደ ጅዳ የምመለስበት መኪና አመለጠኝ። ወሬያቸው ሊያልቅ አልቻለም፤ ሁለቱም ደህና ስላልነበሩ ብዙ የሚያወሩት ነገር ነበራቸው።